የፍርድ ቤት ትዕዛዝ አባይን ይሻገራል?

ባለፈው ዓመት ለቅሶ ለመድረስ ወደ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ነበር፡፡ ስመለስ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ እየጠጣሁ አውቶቡስ ስጠብቅ ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆነው አንድ ሰው ቀረበና እጅ ነሳኝ፡፡ ከገበዝ ማርያም አካባቢ እንደመጣ ነገረኝ፡፡ ‹‹ጋሼ፣ ሕግ የተማሩ ናቸው ብለውኝ ነው›› አለና ከፌስታል ውስጥ በጥንቃቄ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፡፡ ከመታጠፍ ብዛት መሃሉ ሊቀደድ ደርሷል፤ ማኅተሙም ደብዝዟል፡፡

ወረቀቱ የአንድ ወረዳ ፍርድ ቤት የፍቺ ውሳኔ ነው፡፡ ጋብቻው ፈርሷል፤ ልጅቱ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ አባት በየወሩ ቀለብ ይከፍላል ይላል፡፡ በመጨረሻም ‹‹አባት ልጁን በአመቺ ጊዜ የመጎብኘት መብቱ የተጠበቀ ነው›› ብሎ ይዘጋል፡፡ ውሳኔው ሲሰጥ ሁለቱም ወላጆች የሚኖሩት አንድ ከተማ ውስጥ ነበር፡፡ ዓመት ሳይሞላ እናትየው ሥራ አግኝታ ልጇን ይዛ ወደ ወለጋ ሄደች፡፡ አባት ሁለት ጊዜ ተሳፍሮ ሄዷል፡፡ አንደኛው ጊዜ ‹‹ትምህርት ላይ ናት›› ተባለ፡፡ ሁለተኛው ጊዜ ወረቀቱን ይዞ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ቢገባ ‹‹ይሄ የዚህ አገር ትዕዛዝ አይደለም›› ብለው መለሱት፡፡ በስልክ ሲደውል ደግሞ ልጅቱ ድምፁን አላወቀችውም፤ ‹‹ማን ልበል?›› አለችው፡፡

ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ የጠየቀኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፡፡ ‹‹ጋሼ፣ ይሄ ወረቀት አባይን ይሻገራል?››

አጭሩ መልስ አዎን፣ ይሻገራል የሚል ነው፡፡ በራሱ እግር ግን አይሻገርም፡፡ የሚያሻግረው የተወሰነ ሥርዓት አለ፤ ያን ሥርዓት የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው፡፡ በአንድ ክልል ተፋትተው ዛሬ በሁለት ክልል የሚኖሩ ወላጆች እየበዙ በመሄዳቸው ነገሩን ዘርዘር አድርጎ ማየት ተገቢ ይመስለኛል፡፡

መብቱ የማን ነው?

ብዙ ወላጆች ጉብኝትን የሚያዩት እንደ ንብረት ክፍፍል ነው፡፡ አንዱ ልጅ ደረሰው፣ ሌላው ‹‹የማየት መብት›› ደረሰው ይባላል፡፡ ሕጉ የሚለው ግን ከዚህ የተለየ ነው፡፡

በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ፍቺ ሲወስን ስለ ልጆች አኗኗር፣ ትምህርት፣ ጤናና ቀለብ እንዲሁም ወላጆችና ልጆች ስለሚጠያየቁበት ሁኔታ አብሮ እንዲወስን ያዛል፡፡ ልብ እንበል፣ የሚጠያየቁት ሁለቱም ናቸው፡፡ ልጁም ወላጁን የማየት መብት አለው ማለት ነው፡፡ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ በይዘቱ የፌዴራሉን የሚከተል ነው፡፡

ከእነዚህ በላይ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አለ፡፡ አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን ወይም በሕግ የማሳደግ መብት ያላቸውን ሰዎች የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ ፍርድ ቤቶችም ሆኑ ሌሎች ተቋማት ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወስዱ የሕፃኑን ደህንነት በቀደምትነት እንዲያስቡ ያዛል፡፡ ኢትዮጵያ በ1984 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9 ከአንዱ ወላጁ ተለይቶ የሚኖር ልጅ፣ ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር፣ ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር በመደበኛነት የመገናኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል፡፡ የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደህንነት ቻርተር በአንቀጽ 19 ይህንኑ ይደግማል፡፡

ስለዚህ ያ ሰው ወደ ወለጋ ሲሄድ የራሱን መብት ብቻ ይዞ አልሄደም፡፡ የልጁንም መብት ይዞ ነው የሄደው፡፡ ‹‹የዚህ አገር ትዕዛዝ አይደለም›› የሚለው መልስ ስህተት የሚሆነውም ለዚህ ነው፡፡ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13 መሠረት የሰብዓዊ መብቶችን ምዕራፍ የማክበርና የማስከበር ግዴታ ያለባቸው የፌዴራሉም የክልሎችም ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚና የዳኝነት አካላት በየደረጃው ሁሉም ናቸው፡፡ የልጅ መብት ድልድይ ላይ ሲደርስ አያበቃም፡፡

ችግሩ ከየት መጣ?

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘመን ለአገሩ ሁሉ የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ አንድ ነበር፡፡ ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ግን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት የክልሎች ሥልጣን ሆኗል፡፡ አማራ በአዋጅ 79/1995፣ ኦሮሚያ በአዋጅ 69/1995፣ የቀድሞው ደቡብ ክልል በአዋጅ 75/1996 የየራሳቸውን አወጡ፡፡ ሕጎቹ በብዙ ነገር ይመሳሰላሉ፡፡ አንዱ ክልል የሌላውን ክልል የጉብኝት ውሳኔ እንዴት እንደሚቀበል በዝርዝር የሚናገር ሕግ ግን የለንም፡፡ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት አንዱ ግዛት የሌላውን ግዛት ፍርድ እንዲያከብር የሚያስገድድ ግልጽ አንቀጽ አለ፤ በእኛ ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለ ግልጽ አንቀጽ አልተጻፈም፡፡

በመሆኑም ዳኞች የሚሄዱት ለስልሳ ዓመት ያህል ስንገለገልበት ወደኖርነው የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፡፡ ይህ ሕግ ክልል የሚባል ነገር ሳይታሰብ የተጻፈ ቢሆንም የሚያሻግረውን መንገድ ይዟል፡፡

ወረቀቱ እንዴት ይሻገራል?

ነገሩን በምሳሌ እንየው፡፡ አባት ቡሬ፣ እናትና ልጅ ነቀምት ይኖራሉ እንበል፡፡ ውሳኔውን የሰጠው ቡሬ ያለው ፍርድ ቤት ነው፡፡

የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 371 ጀምሮ እንደሚለው ፍርድ የሚፈጸመው ፍርዱን በሰጠው ፍርድ ቤት ወይም ለአፈጻጸም በተላከለት ሌላ ፍርድ ቤት ነው፡፡ እዚህ ላይ ‹‹በተላከለት›› የሚለው ቃል ወሳኝ ነው፡፡ አባት ወረቀቱን በፌስታል ይዞ መሄዱ መላክ አይደለም፡፡ የሚላከው በፍርድ ቤቱ ነው፡፡

የመጀመሪያው እርምጃ ቡሬ ላይ የአፈጻጸም ማመልከቻ ማቅረብ ነው፡፡ ማመልከቻው የፍርዱን መዝገብ ቁጥርና ቀን፣ ምን ያህሉ እንደተፈጸመና እንዳልተፈጸመ እንዲሁም ምን እንዲፈጸም እንደሚፈለግ ይገልጻል፡፡ ‹‹ልጄን ከለከለችኝ›› ብቻ ማለት አይበቃም፡፡ መቼ ሄዶ፣ የት ሄዶ፣ ማን ምን ብሎ እንደመለሰው መጻፍ አለበት፡፡ የአውቶቡስ ትኬት፣ የስልክ መልዕክት፣ አብሮ የሄደ ሰው ምስክርነት እዚህ ላይ ይጠቅማል፡፡

ሁለተኛ፣ እናት የምትኖረው በሌላ ፍርድ ቤት ክልል ስለሆነ ፍርዱ ወደዚያ እንዲላክለት ይጠይቃል፡፡ ፍርድ ቤቱም የፍርዱን ትክክለኛ ግልባጭ፣ ፍርዱ እሱ ዘንድ እንዳልተፈጸመ የሚያረጋግጥ ጽሑፍና የአፈጻጸም ትዕዛዝ ካለ እሱን አያይዞ በመሸኛ ደብዳቤ ይልካል፡፡ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን ሳይዙ ከሬጅስትራር መስኮት መነሳት አያስፈልግም፡፡

ሦስተኛ፣ ነቀምት ያለው ፍርድ ቤት መዝገብ ከፍቶ እናትን በመጥሪያ ይጠራል፡፡ የተላከለት ፍርድ ቤት ፍርዱን ራሱ እንደሰጠው አድርጎ ለማስፈጸም ሥልጣን አለው፡፡ ፍርዱን እንደገና መመርመር፣ ‹‹እኔ ብሆን እንዲህ አልወስንም ነበር›› ማለት ግን አይችልም፡፡ በአፈጻጸም መዝገብ ፍርድ አይለወጥም፡፡ ትዕዛዙን አውቆ እንቢ ያለን ወገን ችሎቱ አስቀርቦ ሊጠይቀውና ሊያስገድደው ይችላል፡፡ ይሁን እንጂ አንድ ነገር መርሳት የለብንም፡፡ ልጅ እንደ በሬ በፖሊስ ተነድቶ የሚመጣ አይደለም፡፡ እናቱ ስትታሰር ያየ ልጅ አባቱን በደስታ አይቀበልም፡፡ ብልህ ዳኛ አስቀድሞ የሚያደርገው ያለፉትን ቀናት የሚያካክስ ጉብኝት ማዘዝ፣ ወጪውን በከለከለው ወገን ላይ ማድረግና ቀጣዩን ቀን በችሎት ማስቆረጥ ነው፡፡

‹‹በአመቺ ጊዜ›› የሚባል ቀን የለም

የፍኖተ ሰላሙ ሰው ችግር ግን ከዚህም በፊት ይጀምራል፡፡ ‹‹በአመቺ ጊዜ›› የሚል ትዕዛዝ ይዞ ማንም ዳኛ ዘንድ ቢሄድ የሚፈጸም ነገር የለውም፡፡ አመቺ ጊዜ ለማን? በየትኛው ቀን? ማን ወስዶ ማን ይመልሳል? አስፈጻሚው ዳኛ ይህን ልሙላ ቢል ፍርድ ለወጠ ይባላል፡፡ ብዙ የጉብኝት ትዕዛዞች የሚሞቱት አባይ ማዶ ሲደርሱ አይደለም፤ ገና ሲጻፉ ነው፡፡

ስለዚህ ተፋቺዎች ስምምነታቸውን ለፍርድ ቤት ሲያቀርቡ፣ ዳኞችም ሲወስኑ የሚከተሉትን ቢያስገቡ በኋላ ብዙ እንግልት ይቀራል፡፡

በሩቅ ለሚኖር ወላጅ ‹‹በወር ሁለት ቅዳሜ›› የሚል ትዕዛዝ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር ነው፡፡ በዚህ ፈንታ የትምህርት ቤት ዕረፍትን መከተል ይሻላል፤ ለምሳሌ ከክረምቱ ዕረፍት ይህን ያህል ሳምንት፣ የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት፣ ገናና ፋሲካ በየተራ፡፡

የመረካከቢያው ቦታ በስም ይጻፍ፡፡ ፖሊስ ጣቢያ ለልጅ አይመከርም፤ የሚታወቅ ዘመድ ቤት ወይም ትምህርት ቤት ይሻላል፡፡ የትራንስፖርት ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ልጁን ማን እንደሚያጅብም ይለይ፡፡

ስልክ ከጉብኝት ጋር እንደ መብት ይጻፍ፤ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት፡፡ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተነሳው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበረ፣ መንገድም በየጊዜው ይዘጋ እንደነበረ እናስታውሳለን፡፡ በመሆኑም ‹‹መንገድ ከተዘጋ ያለፈው ጉብኝት በዚህ ጊዜ ይተካል፤ እስከዚያው በመደበኛ ስልክ ይነጋገራሉ›› የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቅንጦት አይደለም፡፡

በመጨረሻም ልጁን የሚያሳድገው ወላጅ ወደ ሌላ ከተማ ከመሄዱ ከ30 ወይም ከ60 ቀን በፊት ለሌላው ወላጅ በጽሑፍ እንዲያሳውቅና አዲሱን አድራሻ እንዲሰጥ ይጻፍ፡፡ እናት ሥራ አግኝታ መሄዷ ጥፋት አይደለም፤ መብቷ ነው፡፡ ሳይነግሩ መሄድ ነው ችግር የሚፈጥረው፡፡

ሁኔታ ሲለወጥ

ቀድሞ የተጻፈው ውሳኔ ከአሁኑ ኑሮ ጋር የማይሄድ ከሆነ መፍትሔው ውሳኔው እንዲሻሻል መጠየቅ ነው፡፡ የቤተሰብ ሕጉ ሁኔታዎች ሲለወጡ ስለ ልጆች የተሰጠ ውሳኔ ዳግም ሊታይ እንደሚችል ይፈቅዳል፡፡ ጥያቄው የት ይቅረብ የሚለው ነው፤ ትልቁ ቀዳዳም እዚህ ጋ ነው፡፡

በተለያዩ ክልሎች በቋሚነት በሚኖሩ ሰዎች መካከል የሚነሳ የፍትሐ ብሔር ክርክር የፌዴራል ጉዳይ መሆኑ ከአዋጅ ቁጥር 25/1988 ጀምሮ የታወቀ ነው፡፡ ይህ ማለት ግን አባት አዲስ አበባ ድረስ ይሂድ ማለት አይደለም፡፡ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በውክልና የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ይዞ ይሠራል፡፡ ለምዕራብ ጎጃም ነዋሪ ይህ ማለት ፍኖተ ሰላም ያለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፡፡ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያለው ሰው ለወረዳ ፍርድ ቤት አመልክቶ ‹‹ሥልጣን የለንም›› ከመባሉ በፊት ጉዳዩ በውክልና የሚታይ ስለመሆኑ ሬጅስትራሩን ቢጠይቅ ጊዜውን ያተርፋል፡፡ አፈጻጸምና አዲስ ክርክር የተለያዩ መሆናቸውንም አይርሳ፡፡

አሁን እናት በበኩሏ ነቀምት ላይ፣ አባት በበኩሉ ፍኖተ ሰላም ላይ ቢያመለክቱስ? ሁለት ፍርድ ቤቶች፣ ሁለት የቤተሰብ ሕጎች፣ ምናልባትም ሁለት የሚጋጩ ትዕዛዞች ይኖራሉ፡፡ የትኛው ይቀድማል የሚለውን በግልጽ የሚመልስ ሕግ ባለመኖሩ ጉዳዩ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ሊደርስ ይችላል፡፡ እስከዚያ ልጅቱ ሁለት ክፍል ታልፋለች፡፡

ሰበር ችሎቱ ግን አንድ መሠረት ጥሎልናል፡፡ በመዝገብ ቁጥር 23632 በ2000 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ከደቡብ ክልል የመጣን ጉዳይ አይቶ ነበር፡፡ እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስቱ ናት፤ አባት ‹‹ልጄን ልውሰድ›› ብሎ ከሰሰ፡፡ የክልሉ ፍርድ ቤቶች አባትነቱን ተመልክተው ፈረዱለት፡፡ ሰበር ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ጠቅሶ ከሁሉ የሚቀድመው የልጁ ጥቅም ነው በማለት ውሳኔውን ሻረው፡፡ ጉዳዩ የጉብኝት ባይሆንም መርሁ ለእኛም ይሠራል፡፡ የሰበር የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያሉ የፌዴራልና የክልል ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፡፡ ቡሬም ሆነ ነቀምት ያለ ዳኛ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ‹‹ይሄ የማን ክልል ትዕዛዝ ነው?›› ብሎ ሳይሆን ‹‹ለልጁ የሚበጀው የቱ ነው?›› ብሎ ነው፡፡

ቀለብና ጉብኝት አይገበያዩም

በየችሎቱ የሚሰሙ ሁለት አባባሎች አሉ፡፡ እናት ‹‹ቀለብ ካልከፈለ አላሳየውም›› ትላለች፡፡ አባት ‹‹ካላሳየችኝ ቀለብ አልከፍልም›› ይላል፡፡ ሁለቱም ስህተት ናቸው፡፡ ቀለቡ የእናት፣ ጉብኝቱም የአባት ደመወዝ አይደለም፤ ሁለቱም የልጁ ናቸው፡፡ ቀለብ ያልተከፈላት እናት የቀለብ አፈጻጸም ትክፈት፤ የማሳደግ ግዴታውን አውቆ የሚሸሽ ወላጅ በወንጀል ሕጉ ሊጠየቅም ይችላል፡፡ የተከለከለ አባት ደግሞ የጉብኝት አፈጻጸም ይክፈት፡፡ ያቺን የፌስታል ወረቀት የያዘ ሰው ቀለቡን በባንክ እየከፈለ ደረሰኙን ቢያስቀምጥ ችሎት ፊት ከማንም ጠበቃ በላይ ይናገርለታል፡፡

የእናትንም ስጋት መስማት ያስፈልጋል፡፡ ‹‹አንዴ ከወሰዳት አይመልሳትም›› ብላ የምትፈራ እናት ሁልጊዜ ክፉ አይደለችም፤ ሲሆን አይታ ነው፡፡ ድብደባ የነበረበት ትዳር ከሆነም ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፡፡ ለዚህ የሚበጀው በር መዝጋት ሳይሆን ጉብኝቱ ሦስተኛ ሰው ባለበት እንዲሆን፣ መጀመሪያ አካባቢ እዚያው እሷ ባለችበት ከተማ እንዲደረግ፣ የመመለሻው ቀንና ዋስ የሚሆን ሰው በትዕዛዙ እንዲጻፍ መጠየቅ ነው፡፡ በጎጃም አገር ሽማግሌ ዋስ ሆኖ ያስያዘው ቃል ዛሬም ይከበራል፡፡ ሽማግሌዎቹ የተስማሙበት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ከጸደቀ ደግሞ ቃሉም ሕጉም ባንድ ላይ ይሆናሉ፡፡

ሌሎች ምን አደረጉ?

አሜሪካኖች ከእኛ በፊት በዚህ ችግር ተፈትነዋል፡፡ አንዱ ወላጅ ልጁን ይዞ ወደ ሌላ ግዛት ይሄድና የሚመቸውን ዳኛ ይፈልግ ነበር፡፡ በእ.ኤ.አ. 1980 በወጣ የፌዴራል ሕግና በ1997 በተዘጋጀ፣ ከማሳቹሴትስ በቀር ሁሉም ግዛቶች በተቀበሉት አንድ ወጥ ሕግ ነገሩን አቃለሉት፡፡ ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፡፡ መጀመሪያ የመወሰን ሥልጣን ያለው ልጁ ላለፉት ስድስት ወራት የኖረበት ግዛት ነው፡፡ ያ ፍርድ ቤት ከወሰነ በኋላ ከወላጆቹ አንዱ እዚያው እስካለ ድረስ የማሻሻል ሥልጣኑ እሱ ዘንድ ይቆያል፡፡ ሌላው ግዛት ትዕዛዙን መዝግቦ ያስፈጽማል እንጂ አይለውጥም፡፡ ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ የተዛወሩ የእኛው ወገኖች በዚሁ ሕግ ይዳኛሉ፡፡

እኛስ? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 አንድ የኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ለመፍጠር አስፈላጊ መሆናቸው በፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲታመንባቸው የተወካዮች ምክር ቤት የፍትሐ ብሔር ሕጎችን እንዲያወጣ ይፈቅዳል፡፡ ይህ መንገድ ረጅም ነው ከተባለ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች ተገናኝተው በአንድ የአሠራር መመሪያ ሊስማሙ ይችላሉ፡፡ ከሌላ ክልል የመጣ የጉብኝት ትዕዛዝ በዚህን ያህል ቀን ይመዘገባል፤ ከትምህርት ዕረፍት በፊት ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ ሁለቱ ዳኞች በስልክ ይነጋገራሉ፤ ቢባል ምን ይጎድላል? የሰበር ክርክር ከክልል ከተሞች ጋር በፕላዝማ መሰማት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል፡፡ ለመሬትና ለገንዘብ ክርክር የተዘረጋው መስመር አባትን ከልጁ ለማገናኘት ቢውል አይበዛበትም፡፡

ለዚያ ሰው በሶፍት ጀርባ ላይ ሦስት ነገር ጻፍኩለት፡፡ ‹‹ፍኖተ ሰላም፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ውሳኔው ቀንና ቦታ ተጠቅሶ እንዲሻሻል፡፡ የቀለብ ደረሰኝ፡፡ በየሳምንቱ እሑድ ስልክ፡፡›› ሦስተኛው የፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም አለኝ፡፡ ልክ ነው፣ አይደለም፡፡ ነገር ግን መዝገቡ ተከፍቶ፣ ተልኮ፣ ተቀጥሮ እስኪደርስ ልጅቱ ‹‹ማን ልበል?›› ማለቷን ትታ ‹‹አባባ›› እንድትል የሚያደርገው እሱ ነው፡፡ ትዕዛዙ አባይን ሲሻገር ልጅቱ የሚሻገረውን ሰው ልታውቀው ይገባል፡፡